ከቡፌው ሥር የተላጨው ምንጣፍ

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ነው ለአንተ የምነግርህ። ለሚስቴም አልነገርኳትም። አንድ ቀን ልነግራት አፌን ከፈትኩና «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ስትለኝ «ጥርሴን አሞኝ ነው» አልኳት። እሷም አዝና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ ደህናውን ጥርስ አስነቅዬ ተመለስኩ። እንግዲህ የሚናዘዝልህ ሰው ይህን ይመስላል። እውነት ከሚወጣኝ ጥርሴ ቢወጣ የምመርጥ ሰው ነኝ።

አንተንም ቢሆን አላምንህም። ገና ሳትጨርስ «ይሄም ኃጢአት ሆኖ! ምንጣፍ አቃጥሎ ነው እንዲህ የሚያላዝነው?» እንደምትል ከወዲሁ እጠረጥርሃለሁ። አዎ፣ የሰው ምንጣፍ አቃጥያለሁ። ግን ያቃጠልኩትን ጠግኜዋለሁ፣ ያውም አሳምሬ። የምናዘዘው ስለ ቃጠሎው አይደለም፤ ስለ ጥገናው ነው።

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ቦንጋ የገባሁት በወጣትነቴ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በግምገማ በሚታመስበት ዘመን ነው። ግምገማ ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ሠራተኛው አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል፤ አንዱ ሌላውን ይሂሳል፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ ተነሥቶ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይዘረዝራል። ያንን መድረክ የምመራው እኔ ነበርኩ። አለቃ ሆኜ አይደለም፤ ስለምችልበት ነው። ማንንም በቀጥታ አልከስም። «አንዲት ጥያቄ አለችኝ» እላለሁ፤ «ያን ዕለት ከቢሮው መጨረሻ የወጣው ማን ነበር?» እጠይቅና ዝም እላለሁ። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ አንዱ ይዞራል። የዞረበት ሰው ያላደረገውን ሳይቀር ይናዘዛል። ጓደኞቼ «አንዲት ጥያቄ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እኔ ደግሞ ኮራሁበት።

የተከራየሁት እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነበር። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገበያ ላይ ኮረሪማ የሚነግዱ፣ ቁጣቸውም ደግነታቸውም የማይዘገይ ሴት ነበሩ። ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ብርቄ ይኖራሉ። ሁለቱ ማንኪራ ላይ አብረው አድገው፣ ቦንጋ ላይ ጎን ለጎን ተድረዋል። እትዬ አስካለ አልማዝን፣ እትዬ ብርቄ «ውዴ» የሚሏትን ውድነሽን ወለዱ፤ አንዷ ገበያ ስትወጣ ሌላዋ ሁለቱንም ልጆች ታጠባ ነበር አሉ። አጥሩን መሐል ለመሐል ሰብረው በር አወጡበት። በር ይባል እንጂ መዝጊያ አልነበረውም። ቆጮውም፣ እትዬ ብርቄ የሚሸጡት ማርም፣ ወሬውም በዚያ ይመላለሳል።

ምንጣፉን ያመጣችው አልማዝ ናት፤ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ። ቀይ አበባ ያለበት፣ መደቡ ክሬም የሆነ፣ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ እስከ ቡፌው እግር የሚደርስ ምንጣፍ ነበር። የቦንጋን ጭቃ የሚያውቅ ሰው ክሬም ምንጣፍ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ጫማ በረንዳ ላይ ይወልቃል፣ እግር በጨርቅ ይታበሳል፣ ከዚያ ነው የሚገባው። ቄሱም፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም ሲመጡ ያው ነው። እትዬ አስካለ ልጃቸው ስትናፍቃቸው ቁጭ ብለው ምንጣፉን በእጃቸው ይዳብሱት ነበር። ይህን በዓይኔ እያየሁ ነው የኖርኩት፤ አላወቅኩም ነበር ብዬ አላመካኝም።

በዚያ ክረምት የእትዬ አስካለ ወንድም ዋጫ ላይ አረፈና ለልቅሶ ሄዱ። ቁልፉን ለእትዬ ብርቄ ሰጡ። እኔ ደግሞ በማግስቱ ከአዋሳ የሚመጡ እንግዶች ባሉበት ግምገማ ልመራ ነው። ያለችኝ አንዲት ኮት ናት፤ ተጨማድዳለች። መብራት የለም፣ ክፍሌ ታፈሳለች፣ መሬቷ አፈር ነው። እትዬ ብርቄን «የሳሎኑን ቁልፍ ይስጡኝ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ልተኩስ» አልኳቸው። ከምድጃቸው ፍም ዝቀው የከሰል ካውያዬን ሞሉልኝ፣ ቁልፉንም ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። ፍሙንም ቁልፉንም ያገኘሁት ከእሳቸው እጅ ነው። ይህን ያዝልኝ።

ብርድ ልብስ ምንጣፉ ላይ አነጠፍኩና መተኮስ ጀመርኩ። ካውያው በረድ ሲል ውጭ ወጥቼ ማራገብ ነበረብኝ። ዝናቡ አሰነፈኝ። እዚያው ቆሜ ወዲያ ወዲህ ሳወዛውዘው ፍንጣሪ ዘለለችና ከመስኮቱ ሥር ካለችው አበባ ላይ አረፈች። ሱፍ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ላስቲክ ነገር ኖሯል፣ ሳይነድ ቀለጠ። እፍ እያልኩ በጣቴ ሳጠፋው የአበባዋ እምብርት ጠቁሮ ደረቀ። ከሳንቲም አይበልጥም። እኔ ግን የቤቱን ጣሪያ ያቃጠልኩ ያህል ደነገጥኩ።

ለምን? እትዬ አስካለ ቢቆጡ፣ ቢሳደቡ፣ ማታውኑ ጠርተው «ና እራት ብላ» ይሉኝ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። የፈራሁት ቁጣቸውን አይደለም፤ «አጥፍቻለሁ» ማለትን ነው። ስንቱን ሰው አስነሥቼ «አጥፍቻለሁ» ያስባልኩ ሰው፣ ቃሏን ከራሴ አፍ ማውጣት አቃተኝ። ሂስ አቅራቢ ነኝ እንጂ ሂስ ተቀባይ አልነበርኩም።

እናም ጠገንኩት። በማግስቱ ከስብሰባው ስመለስ ከጫማ ሰፊ ማስቲሽ ገዛሁ፤ ምላጭና ወረንጦ ነበረኝ። የጠቆረውን በምላጩ ጫፍ እስከ ሥሩ ፈቅፍቄ አነሣሁ። ከዚያ በሆዴ ተኝቼ እጄን ከቡፌው ሥር ሰደድኩና ማንም ከማያየው ጥግ የምንጣፉን ጸጉር ላጨሁ፤ ቀዩን ለብቻ፣ ክሬሙን ለብቻ። የተላጨውን ትንሽ ትንሽ እየቆነጠርኩ በማስቲሹ ላይ በወረንጦ ተከልኩት። አልበቃ እያለኝ ደጋግሜ ስላጭ ከቡፌው ሥር የመዳፍ ያህል ቦታ መለጠ። አበባዋን በጥርስ ቡሩሽ አበጠርኳት፣ የቀዘቀዘውን ካውያ ጫንኩባት። ስትደርቅ ቆሜም ተንበርክኬም አየኋት፤ የቱ ጋ እንደነበር እኔው ራሴ ፈልጌ አጣሁት። እስካሁን ሳስበው ኩራት ይሰማኛል። ይህንንም ከኃጢአቴ ቁጠርልኝ።

ቁልፉን ስመልስ ግን አንድ ነገር ጨመርኩ። «ሳሎን መግባቴን ለእትዬ አስካለ እንዳይነግሩብኝ» አልኳቸው።

እትዬ ብርቄ ሳቁ። «ምን አለበት፣ ልጄ? አስካለ ናት እኮ! ምን ትልሃለች?»

«የለም፣ ይማሉልኝ።»

ሳቃቸውን አቆሙና አዩኝ። «እሺ፣ ውዴ ትሙት አልናገርም። በቃህ?» አሉኝ።

በቃኝ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር «እናቴ ትሙት» ሳንል ኳስ አንጫወትም ነበር። በቀን ስንቴ እናቶቻችንን ገድለን ማታ እራት አቅርበውልናል። ለእኔ መሐላ ማለት እንዲያ ነው። ለእትዬ ብርቄም እንዲያው መሰለኝ።

እትዬ አስካለ ከዋጫ ከተመለሱ በኋላ ሰላሜን አጣሁ። አበባዋ ላይ ሲረግጡ ልቤ ቀጥ ይላል፤ ሳይረግጧት ሲያልፉ ደግሞ «አውቀው ነው» እላለሁ። እንግዳ ከመስኮቱ ሥር ሲቀመጥ ዓይኑን እከተላለሁ። ከሁሉ የባሰው እትዬ ብርቄ ናቸው። አፍንጫቸውን ካበሱ «የተቃጠለ ሽታ ሸተታቸው» እላለሁ። «እንዴት አደርክ?» ሲሉኝ «ምን ማለታቸው ነው?» እላለሁ። ሁለቱ ሴቶች በካፊኖኖ ሲያወሩና ሲስቁ፣ ቋንቋውን አልችልምና፣ እኔን ይመስለኛል። ምንም ያላደረጉኝን ሴት ጠመድኳቸው። የያዙልኝ ምስጢር እንደ ዕዳ ከበደኝ፣ ምስጢሩን ስለያዙልኝ ጠላኋቸው። እንዲህም ዓይነት ሰው አለ? አለ፤ ይኸው እየጻፈልህ ነው።

በዚያው ወራት በእትዬ አስካለ ላይ ክፉ ወሬ ወረደ። አልማዝ በፋሲካ መጥታ፣ ሽማግሌ ተልኮላት፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ ቆማ ቀለበት አድርጋ ነበር የተመለሰችው። ነሐሴ ላይ የልጁ ወገን «ትተነዋል» ብለው ላኩ፤ ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። አልማዝም ታመመች ተባለ፣ ስልክ አቆመች። እናቷ ቴሌ ሄደው እየጠበቁ ሳይደወልላቸው ይመለሱ ነበር። የውድነሽ ሽማግሌዎች ደግሞ የመጡት በዚሁ ሰሞን ነው።

መስቀል ሲቃረብ፣ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት፣ ሁለቱ ሴቶች ምንጣፉን አውጥተው ሊያራግፉ ተነሡ። ቡፌውን ያነሣሁላቸው እኔ ነኝ። «አልችልም፣ ወገቤን አሞኛል» ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ አነሣሁ። ምንጣፉን አጥሩ ላይ ሲሰቅሉት ያ ጥግ ፀሐይ ላይ ወጣ። እትዬ አስካለ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድነው? ማነው የላጨው?»

አይጥ ነው ለማለት አይቻልም፤ በምላጭ ጥርግ ተደርጎ ተላጭቷል። እኛ ጋ ደግሞ የሰው ጸጉር፣ የሰው ልብስ ቁራጭ፣ ሰው የረገጠው ነገር ተቆርጦ ሲጠፋ የሚታሰበው አንድ ነገር ነው። መተት። እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰው ጸጉሩን ስላጭ ይህ እንዴት ሳይታሰበኝ ቀረ? የራሴን ጥፋት መሸፈን ብቻ ነበራ የታየኝ።

«ልጄ በባዶ እግሯ የረገጠችውን ነው የወሰዱት» አሉ እትዬ አስካለ። ቁጭ አሉ። «ቀለበቷን ያደረገችበትን ነው። ለዚህ ነው ልጄ የጠፋችብኝ!» ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «መስፍን፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ምን ትላለህ?»

እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ሁሉ እርሳው፣ ይህቺን ግን ስማኝ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል! እትዬ አስካለ በእጃቸው የያዙትን መምቻ እንጨት ይወረውሩብኝና ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እኔ ግን የመድረኩን ድምፅ አወጣሁ። ረጋ ያለ፣ ለእውነት የተቆረቆረ የሚመስል ድምፅ።

«አንዲት ጥያቄ አለችኝ» አልኩ። «ዋጫ በሄዱ ጊዜ ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር?»

ጠይቄ ዝም አልኩ።

እትዬ አስካለ ዞሩ። ቀስ ብለው ነው የዞሩት። እትዬ ብርቄ የምንጣፉን ሌላ ጫፍ እንደያዙ ነበሩ። በካፊኖኖ መነጋገር ጀመሩ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ በኋላ እየጮሁ። ቃሉን አላውቀውም፤ «ውድነሽ» እና «አልማዝ» ሲሉ ብቻ እሰማለሁ። ድንገት እትዬ ብርቄ ወደ አማርኛ ዞሩ። ሁለቱ ሲጣሉም ሲታረቁም በቋንቋቸው ነው፤ በአማርኛ ለማን ብለው ይናገራሉ? ለእኔ ነው። ዓይኔን እያዩ ነው።

«እኔ አልወሰድኩም። ሌላ ምንም መናገር አልችልም። የሚያውቅ ሰው ካለ ይናገር» አሉ።

ጠበቁኝ። ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ጠበቁኝ። እኔ ወደ ምንጣፉ ሄጄ የተላጨውን ቦታ ጎንበስ ብዬ መረመርኩት፤ ያላየሁት ነገር ይመስል።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ከተማው ያውቀዋል። እትዬ አስካለ አዋቂ ዘንድ ሄዱ፤ አዋቂውም «የቅርብ ሰው ነው» አለ አሉ። አዋቂ መቼም ሩቅ ሰው ጠቁሞ አያውቅም። ወሬው ገበያ ገባ። መተተኛ ከተባለ ሰው ማር ማን ይገዛል? እትዬ ብርቄ ከነእንስራቸው ተቀምጠው ይውሉና እንደ ሞላ ተሸክመው ይመለሳሉ። ልቅሶ ቤት የእሳቸው ድርሻ የሆነው ምግብ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። የውድነሽ ሽማግሌዎችም በዚያው ቀሩ።

የመሐሉን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። እትዬ አስካለ ሳንቃ አስመጥተው «ምታልኝ፣ ልጄ» አሉኝ፣ መታሁ። የመጨረሻዋን ሳንቃ ሳስተካክል እትዬ ብርቄ ከወዲያ ቆመው አየኋቸው። ከስተዋል። ወደ ክፍተቷ ተጠጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እኔ በውዴ ምያለሁ» አሉኝ። «ከአንድ ልጅ ሌላ የለኝም። አንተ ግን አልማልክም።»

ያኔ ገባኝ። ለእኔ ኳስ ሜዳ ላይ የሚጣል ቃል ለእሳቸው የልጃቸው ሕይወት ነበር። ማራቸው ሳይሸጥ፣ ስማቸው ጠፍቶ፣ እህታቸው የምትሆን ሴት ጀርባ ሰጥታቸው ያቺን ቃል አፋቸው ውስጥ ይዘዋል። የሰው ልጅ አስጠፉ የተባሉት ሴት የልጃቸውን ነፍስ እየጠበቁ ነው፤ እኔ ካስማልኳቸው መሐላ። ሊፈታቸው የሚችለው ያስማላቸው ሰው ብቻ ነው። ይህን ሰምቼ ምን አደረግኩ? ሚስማሩን መታሁት። ሳንቃዋ ገጠመች፣ ፊታቸው ጠፋ።

ብዙም ሳልቆይ ዝውውር ጠይቄ ወጣሁ። ሸሸሁ በለው። ጸጥ ያለ ቦታ ተመደብኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ልጆቼ ሲጣሉ «ማን ነው የጀመረው?» ብዬ መጠየቅ ስጀምር አፌን እይዛለሁ።

ከዓመታት በኋላ ሥራ ቦንጋ ወሰደኝ። በዚህ ጊዜ እነግራለሁ ብዬ፣ መንገድ ላይ ቃላቱን እየደጋገምኩ፣ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል። ጫማዬን በረንዳ ላይ አውልቄ ገባሁ። ምንጣፉ አለ፤ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጡኝ፣ አበባዋ ጉልበቴ ሥር ናት። አልማዝ ድናለች፣ ተመልሳለች፣ ሌላ ሰው አግብታ ወልዳለች። እንኳን ደስ ያለዎት አልኩ። እትዬ ብርቄስ? አልኩ፣ እንደ ዋዛ።

«ሞተች» አሉ። «ቀብሯ አልሄድኩም። ልጇ ስታለቅስ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ አልሄድኩም።» ምንጣፉን በእጃቸው ዳበሱ። «አብረን ነው ያደግነው እኮ። በአንድ ጡት ነው ልጆቻችንን ያሳደግነው። እንዲህ ታደርገኛለች ብዬ እኔ መቼ አስቤ! አንተ ባትጠይቅልኝ ኖሮ ከጠላቴ ጋር ስበላ እኖር ነበር። ዓይኔን የገለጥክልኝ አንተ ነህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፣ እግዜር ውለታህን ይክፈልህ።»

ታዲያ እኔ ምን አልኩ?

አሜን አልኩ። ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ፣ አሜን አልኩ።

ስለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ አልልህም። ወጣት ነበርኩ አልልህም፣ ዘመኑ ነው አልልህም፣ መተቱን ያመኑት እነሱ ናቸው አልልህም። ይህን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ፤ ሲነጋ አይሠራም። አሁን እትዬ አስካለም የሉም። የሁለቱ ሴቶች ልጆች እዚያው ቦንጋ እንዳሉ፣ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዷ ወደ ማዶ እንደምትሻገር ሰምቻለሁ። በአንድ ጡት ያደጉ ልጆች ናቸው።

አልማዝ፣ ምንጣፉ ካለ ከመስኮቱ ሥር ያለችውን አበባ በጥፍርሽ ጫሪያት። ሌሎቹ ይለሰልሳሉ፣ እሷ መሐሏ ድርቅ ትላለች። ማስቲሽ ነው። ከቡፌው ሥር የጠፋው ጸጉር ሁሉ እዚያ ተተክሏል፤ ከእናትሽ ቤት አንድም ክር አልወጣም። ውድነሽን ጥሪያትና እጇን ይዘሽ አስነኪያት። እኔ ነኝ። አቃጠልኩ፣ ላጨሁ፣ ጠየቅኩ፣ ሚስማሩን መታሁ። እኔ ነኝ።

እትዬ ብርቄ፣ ያስማልኩዎ ሰው ነኝ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። መሐላዎን አንሥቼልዎታለሁ፤ ውዴ ምንም አትሆንም። አሁን ይናገሩ።